ደም ግፊት የዓይንን የደም ስር ሲጎዳ፦ ጠብታ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «እናቴ 56 ዓመቷ ነው። የማንበቢያ መነጽር ልታሠራ ዓይን ክሊኒክ ሄዳ፣ ጠብታ ተደርጎላት ከታየች በኋላ ‹ደም ግፊት የዓይንሽን የደም ስር ጎድቶታል› ተብላ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ተላከች። ወረቀቱ ላይ ‹ሃይፐርቴንሲቭ ሬቲኖፓቲ፣ ግሬድ 2› ይላል። ግፊቷ 170/105 ነበር። አምና አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ታዞላት ሁለት ወር ወስዳ ‹ተሽሎኛል› ብላ ትታዋለች። ጎረቤት ደግሞ ‹የግፊት ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል፣ አንዴ ከጀመርሽው አይለቅሽም› አለቻት። አሁን ‹ያመመኝ ዓይኔ ነው፣ የዓይን ጠብታ ይሰጠኝ› ነው የምትለው። ፆምም ስለምትፆም ኪኒኑን ለመዋጥ አይመቻትም። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ትወስዳለች፤ ሌላ በሽታ የላትም። ዓይነ ስውር ትሆናለች ወይ? በሌዘር አይታከምም? ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ደግሞ እኔም 29 ዓመቴ ነው፤ ሰሞኑን ስለካ 142/90 አለኝ። ከእሷ ኪኒን ግማሽ ብወስድስ?»

ምላሽ፦ ጠብታ አይሠራም። መነጽር ለማንበብ እንጂ ለዚህ ጉዳት አይረዳም። ሌዘርም አሁን ባሉበት ደረጃ አያስፈልጋቸውም። ለእናትሽ ዓይን የሚያስፈልገው አምና የተዉት ኪኒን ነው፤ እሱም በዚሁ ሳምንት። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ኪኒኑን በሦስተኛው ወር መልሶ ይተወዋል።

መጀመሪያ የተደባለቁ ነገሮችን እንለይ። ብዙ ሰው «የዓይን ግፊት» ሲባል የደም ግፊቱ ወደ ዓይኑ የወጣበት ይመስለዋል። የዓይን ግፊት ዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ጤናማው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ከፍ ሲል የዓይንን ነርቭ እየጎዳ ግላኮማ ያመጣል። እሱ በጠብታ ይታከማል። ክንድ ላይ የሚለካው የደም ግፊት ግን ሌላ ነው። አንዱ ከፍ ያለበት ሰው ሌላው ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናትሽ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የግላኮማ ጠብታ ተውሰው እንዳይጨምሩ። በተለይ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ይቀንሳል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ክፉኛ ያፍናል።

ሌላው የመቅላት ነገር ነው። «ዓይኔ ካልቀላ ግፊቴ ደህና ነው» የሚል ሰው በየቀኑ ያጋጥመኛል። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ድንገት ደም ቢረጭ ያስደነግጣል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት በራሱ ይጠፋል። ያን ቀን ግፊትን መለካት ጥሩ ነው። ደም ግፊት የሚያደርሰው ጉዳት ግን በመስታወት አይታይም። ከዓይን ኋላ፣ ሬቲና ላይ ነው ያለው። ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም። እናትሽ «ምንም አይሰማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ በሽታው ቢያማቸው ኖሮ አምና ኪኒኑን አይተዉትም ነበር።

ሬቲና የዓይንን የውስጥ ግድግዳ ከኋላ በኩል የለበጠ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። ሐኪም ቆዳ ሳይቆርጥ የሕያው ሰው የደም ስር በቀጥታ ማየት የሚችለው እዚህ ቦታ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1851 እ.ኤ.አ. የዓይን ውስጥ መመልከቻውን ካስተዋወቀ ጀምሮ ሐኪሞች ይህን ዕድል ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የዓይን ሐኪሙ እናትሽን ወደ ውስጥ ደዌ የላካቸው ከላዩ ላይ ሊያወርዳቸው ፈልጎ አይደለም። ያየው ነገር የዓይን ብቻ ስላልሆነ ነው።

ምን አየ? ጠብታው የዓይኑን ብሌን ካሰፋ በኋላ በብርቱካናማ ቀይ መደብ ላይ ክብ፣ ፈዘዝ ያለ የዓይን ነርቭ ራስ ይታያል። ከእሱ የደም ስሮች ቅርንጫፍ እያወጡ ይዘረጋሉ። ደም ቅዳው ደመቅ ያለ ቀይና ቀጠን ያለ ነው። ደም መልሱ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ነው። ጤናማ ዓይን ላይ የደም ቅዳው ውፍረት የደም መልሱን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። የደም ግፊት ሲጨምር ሬቲና ራሱን ለመከላከል ደም ቅዳዎቹን ያጠባል፤ ኃይለኛው ግፊት ወደ ጥቃቅኖቹ ስሮች እንዳይደርስ ማለት ነው። ለጊዜው ያዋጣል። ግፊቱ ለዓመታት ካልወረደ ግን ግድግዳቸው እየወፈረና እየደነደነ ይሄዳል። በመሣሪያው ሲታዩ ብርሃን የሚያንጸባርቁበት መልክ ይለወጣል። ሐኪሞች «የመዳብ ሽቦ» ይሉታል፤ ሲብስ ደግሞ «የብር ሽቦ»።

አሁን ወደ እናትሽ ወረቀት እንምጣ። ሬቲና ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በሚሻገሩበት ቦታ ሁለቱ አንድ የጋራ ሽፋን አላቸው። ደም ቅዳው ሲደነድን ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ደም መልስ ይጫነዋል። ውሃ የሚያጠጡበት የጎማ ቱቦ ላይ ሰው እንደቆመበት ነው፤ ከወዲያ በኩል ይነፋል፣ ከወዲህ ይቀጥናል። መሻገሪያው ላይ ደም መልሱ የተቆረጠ ይመስላል። «ግሬድ 2» የሚባለው በዋናነት ይህ ምልክት ሲታይ ነው። ይህ በአንድ ወር የሚመጣ ነገር አይደለም። የእናትሽ ግፊት ዓመታት አስቆጥሯል ማለት ነው፤ ኪኒኑን አምና ሲጀምሩም ጉዳዩ አዲስ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መፍሰስ ነው። ግፊቱ የደም ስሩን ግድግዳ ከውስጥ ሲጎዳው ደምና ፈሳሽ ወደ ሬቲና ይወጣል። ደሙ በነርቭ ክሮቹ መካከል ስለሚሰራጭ የነበልባል ቅርጽ ይይዛል። ደም ያልደረሳቸው ትናንሽ ቦታዎች ላይ ደግሞ ጠርዛቸው ያልጠራ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። በቅባት የተሞላ ፈሳሽ ሲፈስ ቢጫ ቅንጣቶች ይተዋል። ቅንጣቶቹ ጥርት ያለውን እይታ በሚሰጠን በማኩላ ዙሪያ ሲደረደሩ የኮከብ ቅርጽ ይሠራሉ። ይህ ግሬድ 3 ነው። በዚህ ላይ የዓይን ነርቭ ራስ ካበጠ ግሬድ 4 ይባላል። ግሬድ 4 ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ለነገ አይባልም፣ ሆስፒታል ያስተኛል።

ኢንተርኔት ላይ ያስደነገጠሽን ነገር እገምታለሁ። ይህን የአራት ደረጃ አከፋፈል ያወጡት ኪት፣ ዋግነርና ባርከር የተባሉ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። በጽሑፋቸው አራተኛው ደረጃ ላይ ከነበሩት ሕመምተኞች ሦስት ዓመት የኖሩት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንደኛው ደረጃ ላይ 70 በመቶ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን በ1939 የረባ የግፊት መድኃኒት አልነበረም። ሕመምተኛው ጨው ቀንስ፣ ዕረፍት አድርግ ከመባል ያለፈ ነገር አያገኝም ነበር። ያን ቁጥር ዛሬ ወስዶ እናት ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም። እንደውም አሁን ብዙዎቻችን አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ አንድ ላይ «ቀላል» እንላለን፣ ሦስተኛውን «መካከለኛ»፣ አራተኛውን «አደገኛ»። አንደኛውንና ሁለተኛውን በዓይን መለየት ራሱ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። ስለዚህ 2 የምትለው ቁጥር ላይ ብዙ አትጨነቂ። ደም መፍሰስና የነርቭ እብጠት አለመኖሩ ነው ትልቁ ዜና።

ዓይነ ስውር ይሆናሉ ወይ ላልሽው፦ አሁን በታየው ምልክት ብቻ አይሆኑም። ግሬድ 2 ራሱ እይታ አይቀንስም። ለማንበብ የተቸገሩት ከ40 ዓመት በኋላ ሁላችንንም የሚይዘን የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ መነጽሩን ያሠሩ፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ያ የተጫነ መሻገሪያ ለሌላ ችግር መነሻ ነው። ደም እዚያ ቦታ ላይ ሊረጋ ይችላል። ያኔ ከመሻገሪያው በላይ ያለው የሬቲና ክፍል በደምና በፈሳሽ ይሞላል፤ ሰውየው ጠዋት ተነስቶ አንድ ዓይኑ ላይ ግማሽ እይታው ደብዝዞ ያገኘዋል። የሬቲና ደም መልስ መዘጋት ይባላል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ደም ግፊት ነው። ደም ቅዳው ሲዘጋ ደግሞ ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ሕመም ይጨልማል። ይህኛው የዓይን ስትሮክ ነው፤ የሚታየውም እንደ ስትሮክ ነው።

ሌዘርና መርፌ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ደም መልስ ተዘግቶ ማኩላ ሲያብጥ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ በአገራችን በብዛት የምንጠቀመው ቤቫሲዙማብ ወይም በንግድ ስሙ አቫስቲን ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶ አያልቅም። በየወሩ ይደጋገማል። ሌዘር ደግሞ ደም ያጣው ሬቲና ጤናማ ያልሆኑ አዳዲስ ስሮች ሲያበቅል ይሠራል። ሁለቱም ውድና አድካሚ ናቸው። የሬቲና ስፔሻሊስቶችም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባሉ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኙ ተቋማት ናቸው። ከክፍለ ሀገር በየወሩ ተመላልሶ መታከም ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ሁለቱም የደም ግፊቱን አይነኩም። ግፊቱ ካልወረደ ሌላኛው ዓይን ተራውን ይጠብቃል።

ጉዳቱ ይመለሳል ወይ? በከፊል። ደም መፍሰሱ፣ ነጫጭ ነጥቦቹና የነርቭ እብጠቱ ግፊቱ በአግባቡ ሲወርድ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋሉ። ቢጫ ቅንጣቶቹ ይቆያሉ፤ ከዓመት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። የደነደነው ደም ቅዳና የተጫነው መሻገሪያ ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሙ «መሻገሪያው እንዳለ ነው» ቢላቸው መድኃኒቱ አልሠራም ብለው እንዳይተዉት ከአሁኑ ንገሪያቸው። ኪኒኑ የሚወሰደው አዲስ ጉዳት እንዳይጨመር ነው።

እኔን ከዓይናቸው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሬቲና ላይ የደነደኑት ስሮች አንጎል፣ ኩላሊትና ልብ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ስሮች ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። እነዚያን ማየት አንችልም፤ እነዚህን አይተናል። ሬቲናቸው ላይ ደም የፈሰሰባቸው ወይም ነጫጭ ነጥብ የታየባቸው ሰዎች፣ ይህ ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ስትሮክ የሚይዛቸው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ነው። እናትሽ እዚያ አልደረሱም። በሌላ በኩል የላይኛውን ግፊት በ10 ቁጥር ብቻ መቀነስ የስትሮክን ዕድል ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ከ170 ወደ 140 መውረድ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቢው።

ወደ ኪኒኑ እንምጣ። «ተሽሎኛል» ብለው የተዉት ኪኒኑ ስለሠራ ነው። አምሎዲፒን ግፊቱን ይቆጣጠራል፣ በሽታውን ነቅሎ አያወጣም። ሲተውት ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ አሁን 170 የሆነውም ለዚሁ ነው። «ከጀመርሽው አይለቅሽም» የሚባለው ነገር ሱስ አይደለም። የማይለቀው በሽታው ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ሲያወልቀው ቢደበዝዝበት መነጽሩ ሱስ አስያዘው አንልም።

ጎረቤትሽ ስለ ኩላሊት ያለችው ነገር ተገልብጦ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ኩላሊትን ከሚጨርሱት ዋና ነገሮች አንዱ ያልታከመ ደም ግፊት ነው። ሰው ግፊት እያለበት ለዓመታት ይቆያል፣ ኩላሊቱ ሲደክም ኪኒን ይጀመርለታል፣ ከዚያ ኩላሊቱ መድከሙ ሲታወቅ ጥፋቱ ኪኒኑ ላይ ይለጠፋል። በእናትሽ ቤት ኩላሊት የሚጎዳ ኪኒን ካለ ዲክሎፌናኩ ነው። ማንም ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ጉልበት ባመመ ቁጥር ይዋጣል። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ግፊት ይጨምራሉ፤ የግፊት መድኃኒቱን ያደክማሉ። እንደ ኢናላፕሪል ካለ የግፊት ኪኒንና ፈሳሽ ከሚያስሸና መድኃኒት ጋር ሲደረብ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል በልኩ ይሞክሩ፤ ካልበቃቸው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ሐኪሙ ግን ካልጠየቃቸው አይነግሩትም፤ ብዙ ሰው የጉልበት ኪኒንን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ኪኒኖቹ ጉዳት የላቸውም አልልም። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ከሚወስዱት አስር ሰዎች አንዱን ገደማ። ፈሳሽ የሚያስሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። እነዚህ ሲመጡ መፍትሔው መጠኑን ማስተካከል ወይም ኪኒኑን መቀየር ነው፤ አማራጭ ሞልቷል። ከኢናላፕሪል ጋር ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የፌጦ ውሃ ይረዳሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርቱን ወጡ ውስጥ ይጨምሩት፣ ማንም አይከለክላቸውም። 170 ግን በነጭ ሽንኩርት አይወርድም። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ፆሙን በሚመለከት መፍትሔው ቀላል ነው። አምሎዲፒን በቀን አንዴ የሚወሰድና ረጅም ሰዓት የሚሠራ ነው። እንግሊዝ አገር ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የግፊት ኪኒንን ጠዋት መውሰድና ማታ መውሰድ በልብና በስትሮክ ላይ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ እናትሽ ከእራት በኋላ ሊወስዱት ይችላሉ። ዋናው ሰዓቱ አለመለዋወጡ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ግላኮማ ወይም የዓይን ነርቭ ችግር ያለበት ሰው ግፊቱ ሌሊት ከልክ በላይ ከወረደ ነርቩ ደም ሊያጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ወደ ማታ እንዳያዞር። ፈሳሽ የሚያስሸና ኪኒን የሚጨመርላቸው ከሆነም፣ እስከ ቀትር ውሃ የማይጠጡ መሆናቸውን ለሐኪሙ ይንገሩት።

ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው ምክሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ለቀኑ ምግብ በሙሉ። እኛ ቤት ጨው የሚደበቀው ወጡ ውስጥ ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ የሾርባ ኩብ ከገባ ሌላ ጨው ነው። ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሲኒ ተቆጥሮ ይታሰብ። ለብቻ ጨው አልባ ወጥ መሥራት አያዛልቅም፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ጨው መቀነስ ይሻላል። በሁለት ሦስት ሳምንት ምላስ ይለምደዋል።

ግፊትን በትክክል መለካትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ደረጃ ወጥተው እንደመጡ፣ ወይ ቡና ጠጥተው ሲኒው ሳይቀዘቅዝ የተለካ ግፊት አይታመንም። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በሹራብ ላይ አይለካም። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ተለክቶ ሁለቱም ይጻፍ። የክንድ እንጂ የእጅ አንጓ መለኪያ አትግዢ።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። በዚህ ሳምንት፣ ጊዜ ሳይወስዱ፣ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂዱ፤ ቀጠሮ ከራቀ ቅርብ ጤና ጣቢያም መድኃኒቱን መጀመር ይቻላል። የዓይኑን ወረቀት አትርሱት። 170/105 ከዓይን ምልክት ጋር ሲመጣ «ጨው ቀንሰው ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ምናልባትም ሁለት ዓይነት ኪኒን በትንሽ መጠን አብሮ ይታዘዝላቸዋል፤ ደነገጡ ብለሽ አንዱን እንዳታስቀሪ። የሽንት ፕሮቲን፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታሲየም፣ የፆም ስኳርና ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይሠራላቸው። ስኳሩን ችላ እንዳትሉት፤ ስኳርና ግፊት አንድ ዓይን ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ ይፈጥናል። የመጀመሪያው ግብ ከ140/90 በታች ነው፤ ከተስማማቸው ከ130/80 በታች። የዓይን ምርመራው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይደገም። ክሊኒኩ ካሜራ ካለው የሬቲናው ፎቶ ይነሳና ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያያቸው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን የሚጨመረው ጠብታ ለሰዓታት እይታ ስለሚያደበዝዝ ብቻቸውን መንገድ አይሻገሩ።

መውረዱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሁን። እዚህ ላይ በጣም ጠንቀቅ በሉ። ግፊት ሲጨምር ኒፌዲፒን ካፕሱል ነክሶ ምላስ ሥር ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። ግፊቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያዘቅጠዋል። ለዓመታት ከፍ ባለ ግፊት ላይ የለመዱ የአንጎልና የዓይን ስሮች በድንገት ደም ያጣሉ። ስትሮክ ይመጣል፤ የዓይን ነርቭም ሊሞት ይችላል። ዛሬ 190 ሆነ ብለው ኪኒኑን በራሳቸው እጥፍ መዋጥም ያው ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ ወይም መጋረጃ እንደወረደበት ከሆነ፤ እይታው ለደቂቃዎች ጠፍቶ ቢመለስም ጭምር። ግፊቱ ከ180/120 በላይ ሆኖ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታከለበት። ያን ጊዜ ዓይን ክሊኒክ ፍለጋ አትዙሩ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ነው።

ስለ ራስሽ፦ ከእናትሽ ኪኒን ግማሽም ሩብም አትውሰጂ። 142/90 አንድ ጊዜ መለካት ግፊት አለብሽ አያሰኝም። ከላይ ባልኩት መንገድ በተለያዩ ቀናት ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ለኪና ቁጥሮቹን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ። በዚህ ዕድሜ ግፊት ከተረጋገጠ ኩላሊትና ሆርሞን ይመረመራል፤ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነም እሱ ሊጨምረው ስለሚችል ንገሪያቸው። ለእናትሽ ኢናላፕሪል ከታዘዘ ደግሞ ይበልጥ ራቂው። እርግዝና ላይ ፅንሱን ይጎዳል፤ ብዙ ሴት ደግሞ ማርገዟን የምታውቀው ከሳምንታት በኋላ ነው።